የሰርጉ ሰንጋ በር አልወጣ አለ

በኮሮና ጊዜ ሰው ሁሉ ቤት ተዘግቶበት ነበር፤ አይደል? እኔ ግን ከተዘጋው ቤቴ ውስጥ ሌላ ቤት ተዘግቶብኝ ነበር። የዘጋብኝም ቀበሌ አይደለም፣ ፖሊስም አይደለም፤ በገዛ እጄ አብልቼ ያሳደግሁት ሰንጋ ነው። መሳቅ የምትፈልጉ ከአሁኑ ሳቁ። ባለቤቴ ዘሀራ እስከ ዛሬ ሳቋን አልጨረሰችም፤ እናንተ ብትጨመሩ ምንም አልጎዳም።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። እኔ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሱቅ አለኝ። ድሮ ደህና ሱቅ ነበር፤ ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት የሚሸጥበት። በኋላ አንድ ጊዜ ደሴ ላይ ለነጋዴዎች ሥልጠና ተብሎ ተጠራሁ። አሠልጣኙ ሱፉን ግጥም አድርጎ የለበሰ፣ አንድ ቦታ ቆሞ መናገር የማይሆንለት ሰው ነበር። «በየዓመቱ የማያድግ ንግድ ቆሟል እንዳትሉ፤ ሞቷል!» ብሎ ጠረጴዛውን ሲመታ የያዝሁት የሻይ ብርጭቆ ከእጄ ሊያመልጥ ነበር። ወላሂ፣ ከዚያ ቀን በፊት ሱቄ መሞቱን አላውቅም ነበር። ሰው ይገባል፣ ሳሙና ይገዛል፣ ስለ ልጆቼ ይጠይቀኛል፣ ይወጣል። በሕይወት ያለ መስሎኝ ስኖር ነበር።

ከደሴ ሌላ ሰው ሆኜ ተመለስሁ። መደርደሪያ ጨመርሁ፤ በመደርደሪያው ላይ ሌላ መደርደሪያ ጨመርሁ። በረንዳውን በቆርቆሮ ዘግቼ ወደ ሱቁ ቀላቀልሁት፤ ዝናብ ሲመጣ ሰው የሚጠለልበት ጠፋ። ፍራሽ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ የልጆች ብስክሌት አመጣሁ። በሐይቅ ከተማ ማንም ጠይቆኝ የማያውቀውን የመኪና ምንጣፍ ሳይቀር ጠቅልዬ አቆምሁ። አንድ ቀን ዘሀራ ምሳ ይዛ መጥታ በዕቃው መሃል ፈልጋ ፈልጋ አጣችኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ የት ነህ?»

«እዚህ ነኝ! እያደግሁ ነው!» አልኋት ከፍራሹ ኋላ።

«እስከ የት ድረስ ነው የምታድገው?»

ይህን አሠልጣኙ አልነገረንም። ሥልጠናው እዚያ ጋ ሳይደርስ የምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ስለዚህ ምሳዬን በላሁ።

በእኛ አገር ደግሞ ዕድገት በደንብ የሚታየው በሱቅ አይደለም፤ በሰርግ ነው። በአባቴ ጊዜ የቅጠል ዳስ ይጣላል፣ ይበላል፣ ይጨፈራል፣ አለቀ። ቀጥሎ ድንኳን መጣ። ከዚያ ሁለት ድንኳን። ከዚያ ጄኔሬተር፣ ከዚያ ቤት የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ ማጉያ። ከላይ ሰፈር ያለ አንድ ነጋዴ ልጁን ሲድር እየበረረ ቪዲዮ የሚቀርጽ ድሮን ከደሴ አስመጣ። ድሮኗ ከሙሽሮቹ በላይ ሽር ስትል ቆይታ ወደ ሐይቁ ሄደችና ጠልቃ ቀረች። እንግዲህ ያ ሁሉ ሰርግ ከሐይቁ ሥር ነው፤ ዓሣዎቹ ናቸው የሚያዩት። ሰው ግን ሌላ ወሬ አልነበረውም፤ «ድሮን የገባበት ሰርግ» እየተባለ ተወራ። እኔ ያን በሰማሁ ቁጥር ያንገበግበኝ ነበር። ወሎ ስለሆነ ደግሞ ድግሱ እጥፍ ነው፤ የእስላሙ ሥጋ ለብቻ ይታረዳል፣ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፤ አብሮ ለመብላት ሁለት ጊዜ ይደገሳል። ይህን እወደዋለሁ፤ ይህንን እየተቃወምሁ አይደለም።

ትልቋን ልጄን ገና ድሮኑ ሳይመጣ ድሬአት ነበር፤ ታናሿ ሰአዳ ስትታጭ እንግዲህ የእኔ ተራ ደረሰ ብዬ እጄን አሻሸሁ። እጮኛዋ ኑሩ ይባላል፤ መስጊዱ አጠገብ የሚሰፋ ልብስ ሰፊ ነው። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መቀስ፣ ከአንገቱ የማይወርድ ሜትር። ሽማግሌ ልኮ ነገሩ ካለቀ በኋላ ጠጋ አልሁትና፣ «ለወደፊቱ ምን አስበሃል?» አልሁት።

«ኢንሻ አላህ፣ መስፋት» አለኝ።

«እሱማ፣ ማለቴ ሁለተኛ መኪና፣ ሦስተኛ መኪና…»

«አባባ፣ ያሉኝ እግሮች ሁለት ናቸው። ለአንዷ መርገጫ ነው የሚበቁት።»

ይሄ ልጅ አያድግም አልሁ በሆዴ። ግን ሰአዳ ትወደዋለች፣ ዘሀራም ትወደዋለች፤ እኔ ብቻዬን ነኝ። ቢያንስ ሰርጉን አሳድጋለሁ ብዬ ተነሣሁ። ሦስት ድንኳን ያዝሁ። ከሁሉ በፊት ግን ቦራን ገዛሁ።

ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁር በሬ ነው። ስገዛው እርሻ ላይ የከረመ፣ የጎድን አጥንቱ የሚታይ፣ ጨዋ በሬ ነበር። የሰርግ ሰንጋ እንዴት እንደሚደልብ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሜዳ አይወጣም፣ ፀሐይ አያይም። ቤት ውስጥ ታስሮ ምግቡ እስከ አፉ፣ ውሃው እስከ አፉ ይቀርብለታል፤ የሚወጣው በሰርጉ ዋዜማ ብቻ ነው። ያን ቀን እልል ተብሎ ሲወጣ ሰው አፉን ይዞ «ማሻ አላህ!» ካላለ ባለሰርጉ ይታመማል። እኔም ከመኖሪያችን ጋር የተያያዘችውን፣ ድሮ አባቴ እህል ያስቀምጥባት የነበረችውን የድንጋይ ክፍል ለቀቅሁለት። የሚያስፈራኝ ሌባ ነው። ስለዚህ የእንጨቱን በር ነቅዬ በያጅ አስመጥቼ የብረት በር ከነመቃኑ አስገጠምሁ። በያጁ ሲለካ ቦራን አየ፣ በሩን አየ።

«አይጠብም ወይ?» አለ።

«ለበሬ ነው እንጂ ለአይሱዙ አይደለም። ሥራህን ሥራ!» አልሁት።

ያን ጊዜ ቦራ ቀጭን ነው፤ እንደ ልቡ ያልፍ ነበር። የሚያደልብ ሰው ደግሞ ስለ በር አያስብም። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ደረቱን በገመድ እለካለሁ፤ የደረሰበት ላይ ቋጠሮ አስራለሁ። ቋጠሮው ሄደ፣ ሄደ። አሠልጣኙ ቢያየኝ እንዴት ይኮራብኝ ነበር!

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከአራት ሰው በላይ አትሰብሰቡ ተባለ፣ መኪና ቆመ፣ መስጊድ ተዘጋ፣ ቤተ ክርስቲያንም ሰው ከውጭ ቆሞ መሳለም ጀመረ። ከሁሉ የከበደን ግን መጨባበጥ መከልከሉ ነው። የወሎ ሰው ሰላምታ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። እጅ ይያዛል፣ እጅ ይሳማል፣ ትከሻ ይገጫል፣ እንደገና ይጀመራል፤ ልጁ፣ ከብቱ፣ ሰብሉ፣ የታመመው፣ የዳነው ሁሉ ተጠይቆ እስኪያልቅ እጅ አይለቀቅም። አያ ደምሴ የሚባል፣ ሐይቁ ዳር የሚያርስ የልብ ወዳጅ አለኝ። በመጀመሪያው ሳምንት በክርን ሰላም በሉ ተብሏል ብሎ መጣና ጎኔን ደቃኝ። በአላህ፣ ከኮሮናው ይልቅ የአያ ደምሴ ክርን ነው ያስተኛኝ። ከዚያ ወዲያ እሱ ከመንገዱ ማዶ፣ እኔ ከመንገዱ ወዲህ ሆነን እየጮህን ሰላም እንባባል ጀመር። ከተማው ሁሉ የጎኔን ሕመምና የአያ ደምሴን በሬ መሞት በአንድ ጊዜ ሰማ። አዎ፣ ከጥማዱ አንዱ በሬ በዚያው ሰሞን ሞቶበት ነበር፤ ክረምቱን በምን እንደሚያርስ ጨንቆታል።

ሰርጉ ቀረ። ቀረ ስላችሁ፣ እኔ አስተላለፍሁት። ራዲዮው ማታ ማታ «ኑሮ ወደ ነበረበት ሲመለስ» ይላል። እኔም ያችን ቃል ይዤ፣ «ኑሮ ወደ ነበረበት ሲመለስ በሦስት ድንኳን እድርሻለሁ፤ አብሽሪ!» አልሁ። ሰአዳ አላበሸረችም። የኑሩ እናት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለች መንደር የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ያን ሰሞን ወድቀው ወገባቸው ተጎዳ፤ አልጋ ላይ ዋሉ። ኑሩ ብቸኛ ልጅ ነው። ሱቁን ዘግቶ፣ የስፌት መኪናዋን በአህያ ጭኖ ሄደ። እዚያ ሆኖ ማስክ እየሰፋ፣ እናቱን እያጠበ፣ ወጥ እየሠራ ነው አሉ። ወጡንስ ለጠላት አይስጥ።

«አባዬ» አለችኝ ሰአዳ አንድ ቀን፣ «ሴት ልጅ ማጠብ ያለባትን ነገር እሱ እያጠበ ነው። እናቱ እሜትም ያፍራሉ፣ እሱም ያፍራል። እኔ ኒካህ ሳይታሰር እዚያ ቤት ሄጄ አላድርም። የመስጊዳችንን ሸህ ይማምን ጠይቄአለሁ። ኒካህ ድንኳን አይፈልግም ብለዋል። የምትድረኝ ወሊዬ አንተ ነህ፣ ያለ አንተ ግን አይሆንም።»

«ቆጥረሽዋል?» አልኋት። «እኔ፣ ኑሩ፣ ሁለት ምስክር፣ ሸህ ይማም። አምስት! የተፈቀደው አራት ነው። እኔ የመንግሥት ሕግ አልጥስም።»

እናንተ የማታውቁት፣ በዚያው ሳምንት ለቦራ ፉርሽካ ለማራገፍ ስምንት ሆነን አንድ ላይ ተሸክመናል።

«ደግሞስ ይህን የመሰለ ሰንጋ አስሬ ልጄን በጓሮ በር ላስወጣ? ሰው ምን ይላል?»

«የምትድረው እኔን ነው ሰንጋውን?» አለችና ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግቤን ታቀርባለች፣ ውሃ ታስታጥበኛለች፤ ግን አታዋራኝም። ሰአዳ የምታወራ ልጅ ነበረች። ቤቱ ጭር አለብኝ፤ እኔ ግን ያልፋል ብዬ ቦራን ማብላቴን ቀጠልሁ።

ረመዳን ገባ። እኛ ጾምን፤ ቦራ አልጾመም። መኪና ስለቆመ ፉርሽካም ጠፋ፣ ፋጉሎም ጠፋ። እሱ ግን መብላት ለምዷል፤ ትንሽ ከቀነስሁበት ቤቱን በቀንዱ ይደበድባል። የሱቄን ብስኩት መስጠት ጀመርሁ። ሊበላሽ ነው ብዬ ነው የጀመርሁት፤ በኋላ ያልተበላሸውንም ወደደው፤ በተለይ ክሬም ያለውን። ብስኩቱ ሲያልቅ ማጭዴን ይዤ ሐይቁ ዳር ሣር ልቁረጥ ወረድሁ።

እዚያ ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ ሳቁብኝ። ሐይቁን አየሁት። ስሟን ከሐይቁ የወሰደች ከተማ ውስጥ ተወልጄ አርጅቼ፣ ሐይቁን ቆሜ ያየሁት ልጅ ሆኜ ስዋኝ ብቻ ነበር። ጠዋት ነው፤ ውሃው ዝም ብሏል፣ ገዳሙ ማዶ ይታያል፣ አንድ ሰው ታንኳው ላይ ተቀምጦ መረቡን ይስባል። ያዘውን ዓሣ አይቶ መረቡን ጠቀለለና ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሣ።

«ገና በጠዋቱ? ሌላ አትይዝም እንዴ?» አልሁት።

«ለማን?» አለኝ። ለካ መኪና ስለሌለ ወደ ደሴ የሚወስድ የለም፤ ቤቱ የሚበላው ያን ያህል ነው። ትከሻውን ነቀነቀና ሄደ። እኔ ሣሬን ተሸክሜ፣ እያላበኝ፣ ለማን እንደምቆርጥ እያሰብሁ ወጣሁ።

ሱቁም በዚያ ሰሞን በቀን ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው የሚከፈተው። የሚሸጠውም ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ክብሪት። ፍራሹና ምንጣፉ አቧራ ለበሰ። ዘሀራ የዘጋሁትን በረንዳ በገዛ እጇ ከፈተችው፤ ሰው ተራርቆ ተራ እንዲጠብቅበት። እኛም በላን፣ ጠጣን፣ የጎደለበትን ጎረቤት አየን።

«ዘንድሮ አላደግሁም» አልኋት አንድ ማታ እየተከዝሁ።

«እሺ፣ ሞተሃል?» አለች። ትንፋሼን አዳመጥሁ፤ አልሞትሁም። እንዲህ ያለ ነገር ግን ቶሎ አይገባኝም፤ በማግሥቱ ገመዴን ይዤ ወደ ቦራ ሄድሁ።

ያ ቀን ነው ቀኑ። ሰኔ ነው፤ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ጥሎ አቁሟል። ዓርብ ነው፤ የቀትሩን ዙህር ሰግጄ ገመዴን ይዤ ገባሁ። በሩን ከኋላዬ አልዘጋሁትም። ደረቱን ልለካ ከኋላው ዞሬ ጎንበስ ስል፣ የረጠበው አፈር ሽታ ገባ። የሸተተው እኔን ብቻ አልነበረም። ቦራ ራሱን ቀና አደረገ፣ አፍንጫው ተከፈተ፣ አንድ ጊዜ ሳብ ሲያደርግ ችካሉ ከነገመዱ ተነቀለ። ከመጋቢት በፊት ጀምሮ ያልተራመደ በሬ ወደ በሩ ገሰገሰ። ጭንቅላቱ ወጣ። ቀንዱ ወጣ። ትከሻው እየፋቀ ወጣ። ሆዱ ጋ ሲደርስ ግን ቅርቅር! የብረቱ መቃን ግራና ቀኝ ያዘው። ወደ ፊት የለም፤ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ደግሞ ሣር አይቷል።

እኔ ውስጥ ነኝ። በሩ በቦራ ተሞልቷል። ያለችኝ ቀዳዳ አባቴ ለእህሉ አየር ብሎ የተዋት፣ ጭንቅላት የማታሳልፍ መስኮት ናት።

«ዘሀራ! ኧረ ዘሀራ!»

ዘሀራ ሮጣ መጣች። የቦራን ጭንቅላት ውጭ አገኘችው።

«ቦራ፣ ባሌን አላየኸውም?» አለች።

«ከኋላው ነኝ!»

ከዚያ የሰማሁት ሳቅ ነው። መሬት ላይ ተቀምጣ ነው የምትስቀው፤ እጇ መሬቱን ሲመታ ይሰማኛል። እኔ ጭራውን ይዤ ወደ ኋላ ጎተትሁ። ቦራ ጭራውን አስለቀቀና ፊቴን አጠበኝ፤ በምን እንዳጠበኝ አትጠይቁኝ። ዘሀራ ከሱቁ ሳሙና አምጥታ ጎኑን አሸችው፤ አረፋው እስከ እኔ ደረሰ። በሬው ነጣ እንጂ አልተነቃነቀም። አያ ደምሴ ጩኸት ሰምቶ ደረሰ፤ ግንባሩን ይዞ ወደ ውስጥ ገፋው። ቦራ እጁን ላሰለት።

«በስመ አብ! ምን አብልተኸው ነው?» አለ አያ ደምሴ።

«ብስኩት» አልሁ። ሌላ ምን እላለሁ?

ወሬው ወጣ። ሰው በአጥር ላይ መንጠልጠል ጀመረ። በኮሮና የተነሣ ሰርግ የለም፣ ለቅሶ የለም፤ ሰው የሚያየው ነገር ተርቦ ነበር። የሰፈራችን ሚሊሻ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ፤ «ከአራት በላይ አይቻልም!» እያለ ግቢውን መቁጠር ጀመረ። አንድ ሰው ሲገባ አንድ ያስወጣል። ቤዛ የሆነው አያ ደምሴ ነው፤ «እኔ ከውጭ ዞሬ የጀርባውን ግድግዳ አፈርሳለሁ» ብሎ ዶማ ይዞ ሄደ። በያጁ ተጠራ። መቃኑን አየ፣ እኔን በቀዳዳው ፈለገኝ። «ጠብቧል ብዬ ነበር» አላለኝም፤ አላህ ይስጠው። «እቆርጠዋለሁ፤ መብራት ግን የለም» ብሎ መሣሪያውን ይዞ ተቀመጠ። ቀጥለው ሸህ ይማም ዱዓ ያድርጉለት ተብለው ከነምርኩዛቸው መጡ። ዱዓው ለእኔ ይሁን ለቦራ ግልጽ አልነበረም።

ሰዓቱ ነጎደ። የጀርባው ግድግዳ አባቴ የሠራው የድንጋይ ግድግዳ ነው፤ አያ ደምሴ አንድ ድንጋይ ይነቅልና ሰላም ይለኛል፣ ሌላ ይነቅልና ስለ ጤናዬ ይጠይቀኛል። የአሱር ሶላት ሰዓት አለፈ። እግሬ ደነዘዘ፣ ጉሮሮዬ ደረቀ። ያኔ መስኮቷ ጨለመችብኝ፤ ቀና ስል የሰአዳ ፊት ነው። የውሃ ኮዳ በቀዳዳዋ አሾለከችልኝ።

«አባዬ፣ እንዴት ነህ?» አለች። ካዋራችኝ ስንት ጊዜዋ ነው! ውሃውን ሳልጠጣ ነው የመለስሁላት።

«ታፈንሁ ልጄ። ከዙህር ጀምሮ ከዚህ በሬ ኋላ እኮ ነኝ!»

ሰአዳ አልሳቀችም።

«እኔ ከመጋቢት ጀምሮ ከዚህ በሬ ኋላ ነኝ» አለችኝ።

ያ ረቢ! ሰው ፊቴን በጥፊ ቢመታኝ እንደዚያ አይሰማኝም። ውሃውን ይዤ ቆምሁ። ከፊቴ ያለው የቦራ ኋላ ነው፤ ሰፊ ነው፣ ቤቱን ሞልቶታል፣ ሌላ ምንም አያሳይም። በእጄ ያሳደግሁት ነው። ገመዱን ከነቋጠሮው አየሁት፤ ያን ሁሉ ዓርብ ስለካ ልጄ በዚያ ግድግዳ ማዶ ሆና ስታለቅስ ነበር። አፈርሁ። ሰው የሌለበት ቦታ ስለነበርሁ ደህና አድርጌ አፈርሁ።

«ኑሩ የት ነው?» አልሁ።

«ደውዬለት ከአርዲቦ በእግሩ ወርዷል። አጥሩ ሥር ነው፤ ተራው አልደረሰውም።»

«ሸህ ይማም!» ብዬ ጮህሁ። «ሸህ ይማም አሉ?»

«አለሁ፤ አብሽር፣ ግድግዳው እየተጋመሰ ነው።»

«ግድግዳውን ይተዉት። ኒካህ እሰሩልኝ!»

ዘሀራ «እልል!» ልትል ጀምራ አፏን ያዘች፤ ሰው እንዳይሰበሰብ ነው። ሚሊሻው ግን ሥራው ነውና ቆጠረ። «ሸህ ይማም፣ ሙሽራው፣ ሁለት ምስክር፣ አባት። አምስት!» አለ። እኔ የተናገርኋት ቃል ተመልሳ እኔኑ ያዘችኝ።

«እኔ አልቆጠርም!» አልሁ ከውስጥ። «እኔ ሌላ ቤት ነኝ! በመካከላችን በሬ አለ!»

ሚሊሻው ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻው አዛወረ፤ አሰበበት። ቦራን ከፊት አየው፣ ከጎን አየው። «ከዚህ የበለጠ መራራቅ አልታዘዝንም» ብሎ ፈረደ። ሌላ ሰው እንዳይጨመር ደግሞ ራሱ አንደኛው ምስክር ሆነ፤ በያጁ ሁለተኛው። ኑሩ ከአጥሩ ገባ፤ ላብ በላብ ሆኗል፣ ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው።

አባትና ሙሽራ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ኒካህ የሚታሰረው። አሁን በምን እንያያዝ? ኮሮናው ይቅርና ቦራ መሃል ላይ ነው። ሸህ ይማም፣ «ግዴታ አይደለም፣ ቃሉ ይበቃል» አሉ። እኔ ግን ባዶ እጄን አልሆነልኝም። «ኑሩ፣ ቀንዱን ያዝ» አልሁት። እሱ ከፊት ቀንዱን ያዘ፣ እኔ ከኋላ ጭራውን ያዝሁ። ሰአዳ በመስኮቷ እያየችኝ፣ «ፈቅጃለሁ» አለች። እኔም፣ «ልጄን ሰአዳን በተስማማችሁበት የመህር ስጦታ ድሬልሃለሁ» አልሁ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ፤ ሽታው ነው ብዬ ነበር፣ አልነበረም።

«ተቀብያለሁ» አለ ኑሩ። ቦራ በመሃከላችን ቆሞ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰ። ሸህ ይማም ዱዓ አደረጉ፤ እንዳይቆጠሩ ብለው የገቡት እነ ዘሀራ ከማድ ቤት፣ አያ ደምሴ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ «አሜን!» አሉ። የሐይቅ ሰው በአጥር ላይ ሆኖ ነው እልል ያለው፤ አጥር ላይ ያለ ሰው አይቆጠርም ተብሎ።

ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው ተበሳ። በቀዳዳው በደረቴ እየተሳብሁ ወጣሁ፤ አቧራ፣ አረፋ፣ ሌላም ሌላም ነበረብኝ። አያ ደምሴ ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋና መለስ አለ። «ስለ ኮሮናው ነው» አለኝ፤ ጨዋ ሰው ነው። መብራትም በዚያው መጣ፣ በያጁም መቃኑን ቆረጠው። ቦራ እግሩን እያነሣ እየጣለ ሜዳውን አየ። ለማን ልረደው? ሦስት ድንኳን ሕዝብ የለ። ክረምቱን ለአያ ደምሴ ሰጠሁት፤ ከቀረው በሬው ጋር ጠመደው። የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ትልም ሳይጨርስ ተኛበት አሉ፤ በኋላ ግን አጥንቱ ብቅ ሲል ወዙ ተመለሰ።

ሰአዳ የሄደችው በዚያው ቀን ነው፤ እሜት ብቻቸውን ናቸውና አታድርም። ታጠብሁ፣ ንጹሕ ጋቢ ለበስሁ። መኪና የለም፣ አጀብ የለም። ኑሩ ሻንጣዋን ተሸከመ፣ እኔና ዘሀራ ልንሸኝ ተከተልን። አራት ነን፤ ሕጉም አያማርርም። ሽቅብ ወደ አርዲቦ ስንወጣ ሰአዳ ያን ሁሉ ሰሞን የዋጠችውን ወሬ መንገዱን ሙሉ አወራችው። ስለ እሜት፣ ስለ ኑሩ ወጥ፣ እኔ በመስኮቷ ሳይ ምን እንደምመስል። የማይረባ ነገር ሁሉ እየጠየቅሁ አስረዘምኋት።

አቀበቱ ላይ ስንደርስ «ከዚህ ተመለሱ፣ ይመሽባችኋል» አለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አድርጌ ያዝኋት፤ መራራቁን ለአንድ አፍታ ረሳነው፤ አላህ ይቅር ይበለን። ሄዱ። እኔ አልተነቃነቅሁም።

የሰአዳ ታላቅ፣ ትልቋ ልጄ፣ ድሮ ተድራ ወልድያ ነው ያለችው። ድንገት ትዝ አለችኝ።

«ዘሀራ» አልሁ፣ «ትልቋ ስትሄድ ምን ለብሳ ነበር?»

«አረንጓዴ።»

«አለቀሰች?»

«መኪናው ላይ ሆና ዞራ ዞራ አንተን ስትፈልግ ነበር። አንተ ድንኳኑ ጓሮ ወንበር ስታስጨምር ነበር።»

ዓይኔን ወደ መንገዱ መለስሁ። ከላይ መንገዱ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ አይታዩም። ሰአዳ መታጠፊያው ላይ ደረሰችና ዞረች። ቆሜ አገኘችኝ።